ለጎመን ኩፖን የተጾመ ጾም

ሰው ሁለት ዓይነት ረኀብ አለው። አንደኛው ሆዱ ባዶ ሲሆን የሚመጣው ነው፤ እሱን አንድ እንጀራ ያስታግሰዋል። ሁለተኛው «ቅናሽ» የምትል ቢጫ ወረቀት ሲያይ የሚመጣው ነው፤ ይኼኛውን በምድር ላይ የተዘራው ሁሉ ቢታጨድለት አይጠግብም። በመጀመሪያው ሰው ይከሳል፣ በሁለተኛው ይወፍራል።

በእናንተ አልደረሰም? በሕይወታችሁ አንድም ቀን ሰናፍጭ አምሯችሁ ሳያውቅ፣ ሁለት ለገዛ ሦስተኛው በነጻ ነው ሲባል፣ ሦስት ጠርሙስ ታቅፋችሁ እንደ አራስ ቀስ እያላችሁ ወደ መኪናችሁ አልሄዳችሁም? እኔ ሄጃለሁ። ጠርሙሶቹ ዛሬም ቤታችን አሉ። አልተከፈቱም። አፓርታማ በቀየርን ቁጥር አብረውን ይዞራሉ፤ ልጃችን ከእነሱ በኋላ ነው የተወለደችው።

ይህን የምለው የቅናሽ ኩፖንን ልነቅፍ አይደለም። እኔ ኩፖን ልነቅፍ? ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሣ ዓለም እንዴት አደረች ብሎ ዜና ይከፍታል፤ እኔ ስልኬ ላይ የአስቤዛ ሱቁን አፕ ከፍቼ ምን ቀነሰ እላለሁ። ታዲያ በብዙ ዘመን ምርምር አንድ ጥልቅ ነገር ደርሼበታለሁ፤ ሊቃውንቱ እንዴት እንዳመለጣቸው አላውቅም። ጎመን ኩፖን የለውም። ልብ በሉ፤ ኩፖን የሚሰጠው ለሚንኮሻኮሽ ነገር ነው። ካርቶን ላለው፣ ስም ላለው፣ ደረቱ ላይ የሚስቅ ድብ ለተሳለበት። ብስኩት ጠበቃ አለው፤ ለስላሳ መጠጥ አጎት አለው። ጎመን ማን አለው? ዘመድ የለውም። አረንጓዴ ሆኖ ዝም ብሎ ተኝቷል። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ብለው ሲተርቱ ጤናውን ነገሩን እንጂ ዋጋውን አልነገሩንም።

አሁን ወደ እግሬ ጣት ልምጣ።

ጥምቀት እንዳለፈ ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ነበር። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ እንዳልደነግጥ ፈገግ እያለች፣ ስኳርህ ድንበር ላይ ደርሷል አለችኝ። እኛ ደግሞ ድንበር ሲባል ወረቀታችንን መፈለግ ይቀናናል፤ ሳላስበው ኪሴን ዳበስኩ። ሦስት ወር ልስጥህ፣ አትክልት ብላ፣ ጣፋጭ ተው፣ ካልወረደ ክኒን ትጀምራለህ፣ ክኒኑ ደግሞ ምናልባት የዕድሜ ልክ ነው አለች። «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዳኛ ፊት የቆምኩ መስሎኝ ይግባኝ ልል ቃጣኝ።

ባለቤቴ ወይንሸት አብራኝ ነበረች። ወይንሸት ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ፌደራል ዌይ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች፤ ስኳር ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእግር ማጠቢያ ሳህን ነው የተማረችው። በዚያ ላይ ታላቅ ወንድሜ በዚሁ በሽታ የግራ እግሩን ጣቶች ሲያጣ ያስታመመችው እሷ ናት። መኪናውን እስከ ቤት ድረስ እሷ ነዳች። ፓርክ አድርጋ ሞተሩን ካጠፋች በኋላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይኼ ቤት አረንጓዴ ነው የሚበላው አለች።

እሺ አልኳት። የቤታችን አስቤዛ አዛዥ እኔ ነኝ፤ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ መንገደኛ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ ሻትል ስለምነዳ ከእሷ ቀድሜ ከሥራ እወጣለሁ። እሺ፣ ይበላል፣ ብቻ ኩፖኑ ይምጣ አልኳት። ባይመጣስ? ይመጣል። «እንግዲህ እናያለን» አለች፣ «ወይ ኩፖኑ ይመጣል ወይ ጣትህ ይሄዳል። ማን እንደሚቀድም እንጃ።»

ሚስት ስታሾፍ ወንድ ልጅ ይምላል። እኔም ማልኩ፦ ያለ ቅናሽ ቅጠል አልገዛም። ቅጠል እኮ ነው! ውሃና ፀሐይ በነጻ ያበቀሉትን ነገር በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው ነገ ለጥላው ኪራይ ቢጠየቅ ምን ይላል?

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ሱቅ እሄድ ነበር። የአትክልቱን ክፍል ታውቁታላችሁ? እኔ ከዚህ ከተማ የምወደው ቦታ እሱ ነው። ከመደርደሪያው በላይ ቀጫጭን የውሃ ቧንቧዎች አሉ፤ ሊረጩ ሲሉ ከጣሪያው የነጎድጓድ ድምፅ ይለቀቃል። ሲያትል ውጭው ላይ ቀኑን ሙሉ ያለ ነጎድጓድ ይዘንባል፤ ውስጥ ደግሞ ያለ ደመና ነጎድጓድ አለ። ከዚያ ጉም የመሰለ ውሃ ይወርዳል፤ ኬል የሚሉት የፈረንጅ ጎመን፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው በጤዛ ይሸፈናል። እኔ ባዶ ጋሪዬን ይዤ ጉሙ ውስጥ እቆማለሁ። ፊቴ ይረጥባል። ሁሉም ነገር ይርቃል፤ የጋሪው ጎማ ድምፅ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ፣ የዶክተሯ ፈገግታ። አንድ ጊዜ አንዲት ሠራተኛ መጥታ ምን ልርዳህ አለችኝ። ዝናብ እየጠበቅኩ ነው አልኳት። አሁን ዘነበ እኮ አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ አየሁ፤ የብስኩት ኩፖን ነበር የዘነበው።

ልጄ ሳራ አዘነችልኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ መሀል ላይ ተገናኝተን አናውቅም። «ዳድ» አለችኝ፣ አፑ እኮ የሚልክልህ የምትገዛውን ነገር ነው፤ ጎመን ግዛ፣ የጎመን ይልክልሃል። ፍርዷ ትክክል ነው፤ ግን ቅናሽ ለማግኘት መጀመሪያ በሙሉ ዋጋ መግዛት? ይኼ ሥራ ለመቀጠር ልምድ፣ ልምድ ለማግኘት ሥራ እንደሚሉት ነው። በዚያ ላይ መሐላ አለብኝ።

ደግሞም አፑ የምንገዛውን ብቻ ቢልክ ኖሮ እኮ ጥሩ። ዳይፐር ይልክልናል፤ ቤታችን ሕፃን የለም። የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ ይልክልናል፤ ጥርሳችን የራሳችን ነው። ቋሊማ በጅምላ፣ ሽንኩርት በኩንታል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሱቁ ሒሳብ ላይ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ የአባል ቁጥር ላስገባ ይቀንሳል። እኔ እዚህ አገር እንደገባሁ በቁጥሬ አባል ሆንኩ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር፣ አንዱ ድስት ይሰጠዋል፣ አንዱ ብርድ ልብስ፣ እኔ ቁጥሬን እሰጣለሁ፦ «ለጊዜው የእኔን አስገባ።» እኛ ዘንድ ደግሞ «ለጊዜው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሰጠሁት ለሌላ ሰጠ፣ ሌላው ለሌላ፤ ዛሬ ከሲያትል ሰሜን ጫፍ ከኖርዝጌት እስከ ደቡቧ ፌደራል ዌይ ድረስ ሐበሻ አስቤዛ ሲገዛ የእኔን ቁጥር ነው የሚነካው። የፌደራል ዌይዋ እማማ ጥሩነሽ እንግሊዝኛ አይሞክሩም፤ ካሸሯ ፊት ሲደርሱ ግን ቁጥሬን እንደ ዳዊት ይደግሟታል፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ሳይሳሳቱ። አንድ ሠርግ ላይ ከማላውቀው ሰውዬ ጋር አስተዋወቁኝ። ስሜን ሲሰማ እጁን በቀዝቃዛው ሰጠኝ። ቁጥሬን ሲነግሩት ብድግ ብሎ አቀፈኝ፤ «አንተ ነህ እንዴ! ስንት ዓመት ሙሉ አይብ ስትቀንስልኝ!»

ስለዚህ ሱቁ አንድ ሰው ነው ብሎ የሚያስበው ሁላችንንም ነው። ሻትሉን አቁሜ መንገደኛ ስጠብቅ፣ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት፣ ይህ ሰው በዓይነ ሕሊናዬ ይመጣል። ዳይፐር ታጥቋል፤ ጥርሱ ተጣብቋል። በአንድ እጁ የሁለት ሠርግ ሽንኩርት፣ በሌላው የወጣቶች ጉባኤ ቋሊማ ተሸክሟል። በእርሳስ መሰል አውሮፕላኖች ሥር፣ በፓርኪንጉ ጉም ውስጥ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ዘወር ብሎ ያየኛል፤ ሁሉን በልቶ የከፋው ፊት ነው። ማንም አንድ ቅጠል አላቀመሰውም። አንድ ጊዜ እንዲህ ሳየው መንገደኛ መስኮቱን ሲያንኳኳ አልሰማሁትም፣ አውሮፕላኑ አመለጠው፤ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ምክንያቱን ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

ወይንሸት ይህን ስነግራት ቁጥሩን ቀይር አለች። ደነገጥኩ። ሰው በሩን ዘግቶ ይበላል? እማማ ጥሩነሽ በስተርጅና ሌላ ቁጥር ሊያጠኑ ነው? «እማማ ጥሩነሽ ጥርስ ገዝተዋል» አለችኝ፤ «ጣት የሚሸጥበት ሱቅ ካለ ኩፖኑን አሳየኝ።»

ቁጥሬን ሳልቀይር አደርኩ። ግን እግዚአብሔር ሞኝን አይጥልም፤ በማግስቱ ሻትሉ ውስጥ ብርሃን በራልኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነበር! ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ያ ሁሉ ጿሚ ሥጋና ቅቤ ትቶ ጎመን፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ እንጉዳይ ሊገዛ ነው፤ በእኔ ቁጥር! ሱቁ ያ ሰው ቅጠል በል ሆነ ብሎ ያምናል፤ ኩፖኑን ይልካል፤ እኔ መሐላዬን ሳልሰብር ጎመኔን በግማሽ ዋጋ እበላለሁ። ሌላው ይዘራል፣ እኔ አጭዳለሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለነገሥታት እንጂ ለሻትል ነጂ አይመጣም።

አንድ እንቅፋት ብቻ ነበር፦ ገዛኸኝ። ገዛኸኝ የድሮ ወዳጄ ነው፤ ኖርዝጌት ይኖራል፤ ጴንጤ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያናቸው የወጣቶች ጥብስ ሥጋ ገዥ እሱ ነው፣ የሚያስገባውም የእኔን ቁጥር። እሱ ብቻውን የአንድ አጥቢያ ጾም ያፈርሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ባቡር ተሳፍሬ ቤቱ ሄድኩ። ነገሩን በትሕትና አቀረብኩለት፦ ወንድሜ፣ ይህን ሁዳዴ ጹምልኝ።

ለማን ብዬ ነው የምጾመው አለኝ። ለእኔ አልኩት። አንተ ማን ነህ አለኝ። ቁጥሩ ነኛ አልኩት። ሳቁ ሲያልቅ ወደ ክርክር ገባ፤ ጾም ለሰው ታይታ አይደለም፣ ለሱቅ ታይታማ ጭራሽ አይሆንም አለ። «ደግሞስ» አለኝ፣ «እናንተ ቅቤ ትፈራላችሁ እንጂ ቺፕስና ኮካ ስትጠጡ ትውላላችሁ። ስኳር የጾም ነው አይደል?» ቺፕስ አይጠጣም አልኩት። በኋላ ግን የወንድሜን ጣቶች አስታወስኩት። «ኦኬ» አለኝ። «አልጾምም። ሥጋውን በባለቤቴ ቁጥር እገዛለሁ፣ አትክልት ከገዛሁ በአንተ ቁጥር። ስለ ኩፖኑ ደግሞ እጸልያለሁ።» ሶ፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ጉባኤ ተደርጎ ይሆን?

ጾሙ ገባ። ምእመናኑ ሳያውቁ ዘሩልኝ። እኔ መሐላ ስላለብኝ ቅጠል አልነካሁም፤ ዳቦ በማርማላታ፣ ድንች ጥብስ፣ አንዳንዴም ያቺ ገዛኸኝ የጠቀሳት መጠጥ። ወይንሸት የራሷን ሰላጣ ከሥራ መልስ እየገዛች ፊት ለፊቴ እንደ በግ ታኝክ ነበር። ሥጋ አልነካህም አለችኝ አንድ ቀን፣ ሥጋህን ግን ስኳሩ እየነካው ነው። ታገሺ አልኳት፤ ቡቃያው ላይ ነን።

በእርግጥም አፑ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ አይብ እየላከ «ናፍቀኸናል» አለ። ከዚያ ተለማመጠ፤ እርጎ በነጻ ልስጥህ አለ። ከዚያ ተስፋ ቆረጠ። ከዚያ ምስር መጣ፣ ከዚያ እንጉዳይ፣ ከዚያ ማንም ያልጠየቀው የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ። ሻትሉ ውስጥ ያ ሰው ሲመጣ ሸንቀጥ ብሏል፤ ቋሊማውን ጥሎ የካሮት እቅፍ ይዟል፣ ዳይፐሩን ግን አልፈታም።

እኩለ ጾም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኬ ብልጭ አለች። ትኩስ አትክልት በሙሉ በግማሽ ዋጋ! ለአንድ ጊዜ ግዢ! ለእርስዎ ብቻ! ሦስቴ አነበብኩት። «እርስዎ» ያለኝ አፑ እንኳ አክብሮኝ ነው። ወይንሸት ከሥራ እስክትመለስ ጠበቅኩ፤ ድሉን ራሷ በዓይኗ እንድታይ ፈልጌ። ኮት ለበስኩ። ሳራንም ይዘን ከሰዓት ሄድን።

ምን ልንገራችሁ! ነጎድጓዱ አጉረመረመ፣ ጉሙ ወረደ፣ እኔም ገባሁበት። ጎመን፣ ኬል፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ስሙን የማላውቀው ሐምራዊ ሥር ሳይቀር ጋሪው ላይ ከመርኩ። ሳራ ሰዎች እያዩን ነው አለች። ይዩ አልኩ። ጋሪው የሚንቀሳቀስ ማሳ መሰለ።

ካሸሩ ግዙፍና ደግ ሰው ነበር። አንድ በአንድ መዘነ። ቁጥሬን በኩራት ነካሁ። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኩፖኑ ዛሬ ጠዋት ተጠቅመውበታል አለኝ። እኔ? አዎ፣ ኖርዝጌት ባለው ቅርንጫፍ።

ኖርዝጌት።

እዚያው ቆሜ ገዛኸኝን ኮል አደረግኩ። አፌን ሳልከፍት ጮኸ፦ «የጸሎት ኃይል አየህ ወይ! እንደተባባልነው አትክልቱን በአንተ ቁጥር ሳስገባ፣ ሒሳቡ በግማሽ ዱብ አላለም! ለሊዲያ ጥንቸል የሳምንት ቀለቡን ገዛሁለት።» ሊዲያ ልጁ ናት። ጥንቸሉ ቅጠል በጣም ይወዳል እንዴ አልኩት፤ ሰው ሲወድቅ የሚይዘው አያጣም ብዬ ነው። ከኬል ሌላ አይነካም አለኝ፤ ብስኩት ብትሰጠው ፊቱን ያዞራል።

ስንት ዘመን ስመራመርበት የኖርኩት ጥያቄ እዚያ ላይ ተመለሰ። ጤናማ ምግብ ለሚመርጥ ቤተሰብ ኩፖን ያዋጣል ወይ? ያዋጣል። ቤተሰቡ ኖርዝጌት ነው ያለው፤ ጆሮው ረዥም ነው።

ካሸሩ ልሰርዘው ወይ አለኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። ሳራ የማታውቀን መስላ የማስቲካ መጠቅለያ ታነባለች። ወይንሸት ካርዷንም አላወጣችም፤ ፊቴንም አላየችም። ጫማዬን ነበር የምታየው። ጫማዬን ብቻ፣ የጣቶቼ ቦታ ላይ።

ከፈልኩ። በሙሉ ዋጋ። ካርዴ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ የመሐላዬ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ግን ሳይንስ ይመርምረው። በቅናሽ የተገዛ ጎመን ፍሪጅ ውስጥ እንደ እንግዳ ተከብሮ ተኝቶ ይበሰብሳል፤ ማንም አይቆጭም። ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ጎመን ግን እንቅልፍ ይነሳል። ጠዋት በላሁት። ምሳ በላሁት። ግንዱን በላሁት። ሰው እየቆረጠ የሚጥለውን የአበባ ጎመን ቅጠል በላሁት። አንዱ ሲያልቅ ወይንሸት፣ አንዴ የተሰበረ መሐላ አይጠገንም ብላ ሌላ ታስገዛኛለች፤ በሙሉ ዋጋ። ለማርማላታ የሚሆን ገንዘብ አልተረፈም። ፋሲካ ዕለት እንኳ ዶሮው መሀል ተቀምጦ ሁሉ ሲጎርስ፣ እኔ አንድ ጭልፋ ቀምሼ ወደ ኬሌ ተመለስኩ፤ ሊጠወልግ ነበራ! ዘመዶቼ ጾሙ የጸናበት ሰው ብለው በአድናቆት አዩኝ። እማማ ጥሩነሽም መረቁኝ።

ከበዓሉ በኋላ ዶክተሯ ዘንድ ሄድን። ወረቀቱን አየች፣ ደግማ አየች። ወርዷል አለች። ድንበሩን ተሻግረህ ወደ ውስጥ ገብተሃል፤ ክኒን የለም። ወይንሸት ዘወር ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት፤ ያን ሁሉ ወር ስታሾፍብኝ ምን ያህል እንደፈራች ያን ጊዜ ገባኝ።

ዶክተሯ ምን አድርገህ ነው አለችኝ። ምን ልበላት? ተናድጄ በላሁ አልኳት። ሳቀችና ወደ ወይንሸት ዞረች፤ ምን እንዳናደደው አላውቅም፣ ግን እባክሽ እንዳታቋርጪው አለቻት።

ባለቤቴ የሐኪም ትእዛዝ አክባሪ ናት። ከክሊኒኩ እንደወጣን መኪናዋን ወደ ገበሬዎች ገበያ አዞረች፤ ጎመን ከነአብቃዩ ፎቶ ወደሚሸጥበት፣ ኩፖን ቢያሳዩዋቸው ምንድን ነው ብለው ወደሚያገላብጡበት ቦታ። አሁን በየቅዳሜው እዚያ ነን፤ እኔም እየተናደድኩ እከፍላለሁ። ስኳሬ እንደወረደ ነው። የደም ግፊቴን ግን ከዚያ ወዲህ ማንም አልለካውም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።